ያለ ሞተር፣ ከነጎረቤቶቻችን

ውድ አንባቢዎቼ፣ የሰው ወሬ ከማምጣቴ በፊት ዛሬ የራሴን ጉድ ላውጣ። በቀደም አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ጠረጴዛ እየደበደብኩ «የባሌን አውሮፕላን ሞተር አምጡ!» ብዬ ጮህኩ። አውሮፕላኑ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእንጨት በእጁ የሠራው ሞዴል ነው። እንጨቱንና ሙጫውን የገዛው ከዚያ ሱቅ ስለሆነ ሞተሩን ያስቀሩበት እነሱ ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር። ለካ ያ አውሮፕላን ሞተር የለውም። ጎድሎ አይደለም፣ ተሰርቆም አይደለም፤ እንዲያው የለውም። ይህን ያስረዳችኝ ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች፣ ከልጄ የምታንስ ሻጭ ናት። በቶሮንቶ ከተማ ሞተር ለሌለው ነገር ሞተር አምጡ ብሎ የተጣላ ሌላ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እንፈር። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ግን ከሁላችሁም በፊት መስማት ያለበት ሰው አለ። ለእሱ ልጽፍ ነው። እናንተም ጆሮ ጣል አድርጉ፤ ከእናንተ የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ሙሌዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጠይቅህ አሰብኩና ተውኩት፤ ስጠይቅህ ዝም ማለት ድሮም ልማድህ ነው። እኔው ላውራ፤ አንተ እንደ ወትሮህ ጋዜጣ የምታነብ መስለህ ስማኝ።

ከቤት ልጀምር። ሊፍቱ ተሠራ! አዎ፣ የኛው ሊፍት፣ የፍሌሚንግደን ፓርኩ ሕንፃችን። የተሠራ ዕለት የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐሩ፣ በዚያ በወገቡ ላይ በሚንሿሿው የቁልፍ መዓት እየተጀነነ በሩን ይዞ እንደ ሙሽራ አስገባኝ። «ሚስተር ሙሉጌታ ይህን ሳያይ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሙሌ ቢኖር ኖሮ የሊፍቱን ሞተር ድምፅ ሰምቶ ምን እንደጎደለው ይነግርህ ነበር አልኩት።

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀንሷል። በዚያ በማይሰማው ግራ ጆሮህ የተነሳ ሕንፃው በሙሉ ከእኛ ጋር ዜና ይሰማ ነበር አይደል? ከላያችን ያለችው ጃማይካዊት በመጥረጊያ እንጨት ወለሏን ስትደበድብብን፣ አንተ ደግሞ «ጥሩ፣ ሰው ያንኳኳል፣ ክፈቺ እንጂ» ስትለኝ። በቀደም ሊፍት ውስጥ አገኘችኝና እቅፍ አደረገችኝ። «ዜናው ናፈቀኝ» አለች። እመነኝ፣ ቤት ገብቼ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቅሁላት። ቀስ ብላ በመጥረጊያዋ መታ መታ አደረገችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰላምታ ደርሶኝ አያውቅም።

ሌላው ዜና በቄ ነው። ከሱዳን ጀምሮ አብሮህ የተሰደደው፣ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ አብሮህ ጡረታ የወጣው ጓደኛህ በቀለ ፀጉሩን ቀለም ተቀባ። አትሳቅ። ጥቁር፣ እንደ ጫማ ቀለም ጥቁር። «ሽበት ለዚህ አገር ብርድ አይስማማም» ይላል። የብርዱን ስምና ቤተ ክርስቲያን የምትቆምበትን ቦታ ሳይቀር አውቃለሁ፤ ግን ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የሚነበብ ስለሆነ አልጠራትም። ይህ ቀለም በኋላ ይመጣልሃልና አትርሳው።

አሁን ወደ አውሮፕላንህ።

አንተ እኮ ዕድሜህን ከሞተር ጋር የጨረስክ ሰው ነህ። በወጣትነትህ ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ሞተር ስትፈታ፣ ሱዳን ላይ የጭነት መኪና ሞተር ስትፈታ፣ እዚህ መጥተህ ዌስተን ጋራዥ ውስጥ የአውቶቡስ ሞተር ስትፈታ ኖርክ። ግራ ጆሮህንም እዚያው ጥለኸው መጣህ። ጡረታ የወጣህ ዕለት ቱታህን ጠቅልለህ የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትክና «ከእንግዲህ ሞተር የሚባል ነገር ዓይኑን ማየት አልፈልግም» ብለህ ማልክ። እኔ የባል መሐላ ነው ብዬ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ቱታውንም አውጥቼ አጠብኩት።

ከዚያ ያ እንጨት መምጣት ጀመረ። ሳሎኑ በሙጫ ሽታ ታጠነ፣ ምንጣፉ ላይ የብርጭቆ ወረቀት አቧራ ተነጠፈ። «ጃፓኖች በጦርነቱ ጊዜ የሠሩት አውሮፕላን ነው፣ ነይ እስቲ እዪው» ስትለኝ እኔ ዓምዴን ለማድረስ እየተሯሯጥኩ «እሺ፣ እሺ፣ ያምራል» እልሃለሁ። ክንፉ ከሶፋችን ሲረዝም ግን አየሁት። «ይሄ በየት በኩል ይወጣል?» ብልህ «ክንፉ ይነቀላል» አልከኝ፣ እንደ ሕፃን እየሳቅክ። ያ ሳቅህ እስካሁን ሶፋው ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሆስፒታል እያለህ እኔ ሻይ ልገዛ ወረድኩ። ማሂ አጠገብህ ነበረች። ልጃችን አማርኛዋ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ግማሹ የኛ፣ ግማሹ የቶሮንቶ። ሻዩን ይዤ ስመለስ «ማሚ፣ ዳዲ አንድ ነገር ንገሪያት ብሏል። የአውሮፕላኑ ሞተር አለ አለ። ሳይበር ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉት አለ» አለችኝ። አንተ ደክሞህ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እጅህን ይዤ «አበረዋለሁ፣ ሙሌዬ» አልኩህ። ጣቴን ጨበጥ አደረግኸው። ያ ነው ቃሌ። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ያን አውሮፕላን ሰማይ ላይ ላየው፣ ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር፣ በቃ ያ ነው ዓመቱን ሙሉ የያዘኝ ነገር።

ሞተር አለ ከተባለ ይኖራላ! ማን ይጠረጥራል? የሞተር ሰው ነህ። ቤቱን ገለበጥኩት። አልጋው ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የመሣሪያ ሳጥኖችህ ውስጥ አልቀረኝም። ምን አገኘሁ መሰለህ? የጠፋብኝን የአንድ ጆሮ ጉትቻ፣ ማሂ በልጅነቷ የሣለችህን ባለ ትልቅ ጆሮ ሥዕል፣ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ጀርባ ደግሞ ሐኪም የከለከለህን አረቄ። ጠርሙሱ ተጋምሷል። በቄን ጠርቼ ፊቱ ላይ ባቀርብለት «ይሄ ቀለም ማቅጠኛ ነው» ብሎ ክዶኝ፣ ዞር ስል አሽትቶ ዓይኑን ጨፈነ።

እሱም አብሮኝ ፈለገ፣ እውነቱን ልናገር። «ሙሌ እንኳን ሞተር ብሎን አይጠፋበትም፤ የሆነ ቦታ ጠቅልሎ አስቀምጦታል» ይላል። እንደዚያ ስንፈልግ ክረምቱ ወጣ፣ በረዶው ቀለጠ። ሌላ ሞተር ገዝቼ እንዳልገጥምበት ደግሞ መግጠሚያ ቦታ የለውም። ክንፉን ባየው ባየው ልሙጥ ነው። በመጨረሻ ሱቁ ነው ያስቀረብህ ብዬ ተነሳሁ፣ ፎቶውን በስልኬ ይዤ፣ አውቶቡስ ቀያይሬ ሄድኩ። የቀረውን ለአንባቢዎቼ ተናዝዣለሁ።

ያቺ ባለ አረንጓዴ ፀጉር ልጅ ግን እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችህ! ጮሄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ፎቶውን አየችና ፊቷ በራ። «ኦ! ይሄንን የሠራው ያ ሳቂታው ሰውዬ ነው?» አለች። ታውቅሃለች ሙሌ። ያንተን ነገር በዚያ በማላውቀው ሱቅ ስሰማ ጠረጴዛውን መደብደቤን ተውኩ፤ ወንበር አመጣችልኝ። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ይህ ግላይደር ነው፣ ሞተር አልባ ነው። ጃፓኖቹ መጀመሪያ ባለ ሞተሩን ትንሽ ማጓጓዣ ወስደው ሞተሮቹን ነቅለው ሞከሩት፤ ሲሆንላቸው አሳድገው ይህን ሠሩ። ወታደር ይጭናል፣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በገመድ ይጎትተዋል፣ ሰማይ ላይ ሲደርስ ገመዱ ይለቀቃል፣ ከዚያ ብቻውን እየተንሳፈፈ ያርፋል። «ስለዚህ እማማ፣» አለች፣ ሳቋን ጉንጯ ውስጥ ይዛ፣ «ሞተሩን የነቀሉት ጃፓኖች ናቸው፤ እኛ አይደለንም።»

ሱቁ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ!

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «አፍንጫውን ከፍተሽ አይተሽዋል? እንደ ፍሪጅ በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። ወታደሮቹም ዕቃውም በዚያ ነበር የሚገቡት» አለችኝ። ዓመት ሙሉ ስወለውለው የከረምኩትን አፍንጫ ይከፈታል ብዬ ለአፍታ አስቤ አላውቅም።

አውቶቡሱ ላይ ሆኜ ማሂን ኮል አደረግኋት። ሥራ ላይ ነበረች፣ እየተንሾካሾከች አነሳች። «ዳዲ ሆስፒታል ያለሽን ቃል በቃል ንገሪኝ፤ አንድም ፊደል እንዳታጎድዪ።» አሰበች፣ አሰበችና «"ያለ ሞተር ነው የሚበረው፤ ሳይበር እንዳትሰቅሉት" ነው ያለኝ» አለች።

ያለ ሞተር!

«ማሂዬ፣ ያለ ሞተር ማለት እኮ ሞተር የለውም ማለት ነው።»

«ወይት። "ያለ" ማለት "አለ" አይደል እንዴ?»

«አይደለም።»

«ማሚ! "መኪና ያለው ሰው" ስትዪ መኪና አለው። "ያለ መኪና" ስትዪ መኪና የለውም? ሴም ዎርድ? ዚስ ላንጉጅ ኢዝ ክሬዚ!» ብላ የቢሮዋን ሰዎች ሁሉ አስደነገጠቻቸው። እሷ ስትስቅ እኔ ስስቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ። በኋላ ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ግን ልጅቷ እውነቷን ነው። ስንት ዓመት በዚህ ቋንቋ ስጽፍ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላየሁትም። የመኖሩም የአለመኖሩም ቃል አንድ ነው። ያለ። አንተ ያለህበት፤ ያለ አንተ። ማሂ ብትሳሳት ምን ይፈረድባታል?

ለበቄ ስነግረው ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንዴ! ሞተር የለውም ብሎ ነግሮኝ ነበር እኮ!» አለ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ያን ጊዜ እኔ እያወራሁ ስለነበር በደንብ አልሰማሁትም» አለኝ። ጓደኛህ ነው፤ አንተው ቻለው።

ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አፍንጫውን በጥፍሬ ያዝኩና ወደ ጎን ሳብ አደረግሁት። እውነቷን ነው፣ ልክ እንደ ፍሪጅ ተከፈተ።

ሙሌ! አንተ ተንኮለኛ!

እኔ ሞተር ስፈልግ አንተ ለካ ሰፈሩን በሙሉ ጭነህበት ነው የሄድከው! ሃያ ያህል ሰው፣ ከጣቴ የማይበልጥ፣ አንዱም ወታደር አይደለም። ያቺ ጃማይካዊት ከነመጥረጊያዋ። ሱፐሩ ከነቁልፉ። ከጎናችን ያለችው አፍጋኒስታናዊት የሩዝ ሰሃኗን እንደያዘች። የንስሐ አባታችን ስልክ ጆሯቸው ላይ እንደተለጠፈ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። በቄ አፉን ከፍቶ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ጆሮውን ይዞ። የበቄ ፀጉር ነጭ ነው፤ ለቀለሙ ሳትደርስ ሄድክ። ማሂ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ። እነዚያ ስንት ዓመት የማይነጋገሩት እህትማማቾች፣ ስማቸውን አልጠራም፤ ባለፈው ጽፌው የደረሰብኝ ይበቃኛል፣ ትከሻ ለትከሻ አንድ ወንበር ላይ! እንዲህ ያለ ማስታረቅ ሽማግሌዎቹ እንኳ አልደፈሩትም። ለጦርነት የተሠራውን ነገር ጎረቤት አሳፈርክበት። በሽታ ይዞህም ቁጭ ብለህ ስትጠርብ እኔ የመሰለኝ ጥርስ መጎርጎሪያ ነበር።

ከፊት ከፓይለቱ ወንበር ማን ተቀመጠ መሰለህ? መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ «መነጽሬ የት ገባ» የምትል የምትመስል ሴት። እኔን አብራሪ አደረግኸኝ። መንጃ ፈቃድ እንኳ ወድቄ ወድቄ የተውኩትን!

አንተን ፈለግሁህ። ከፊት የለህም፣ ከመሀል የለህም። መብራት ይዤ አጎንብሼ ባይ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ጭራው ሥር፣ ኮፍያህን ዓይንህ ላይ ደፍተህ፣ አፍህን ገርበብ አድርገህ ተኝተሃል። ልክ የዶን ሚልስን አውቶቡስ እንደተሳፈርክ። እኔ ላይ ጥለኸው፣ «ስንደርስ ቀስቅሽኝ» ብለኸኝ።

ያን ዕለት አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ግን ሙሌ፣ ሳቁ ይበዛ ነበር።

አንተን ብቻ ቀስ አድርጌ ከወንበርህ አወጣሁህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበርክ። ገበያ አብረን ሄድን፣ ጥርስ ሐኪም ቤት አብረን ሄድን፣ ማኅበር ላይ ጭኔ ላይ ሆነህ ሰው ስናማ ሰማህ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰማይ ላይ ወጥቶ ቢሰበርስ፣ ሣር ውስጥ ቢጠፋስ? ሌሎቹ ይብረሩ፤ እሱ ከእኔ ጋር ይቆይ አልኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ግንቦት ቶሮንቶን እንዴት እንደሚያደርጋት ታውቃለህ፤ ሸለቆው ከላይ እስከ ታች ለምልሟል። ክንፉን ነቅለን በዚያ በታደሰው ሊፍት ወረድን። ሱፐሩ ሊፍቱን ይዞልን ቆየ፤ እሱ ራሱ ውስጥ እንዳለ ባሳየው ቁልፎቹን ከእንጨቱ ቁልፎች ጋር አስተያይቶ ፎቶ አነሳ። ወደ ወንዙ ወርደን ሰፊው ሣር ላይ ደረስን። በቄ ብስክሌት ተውሶ መጥቷል፤ ቦምብ ጣዩ አውሮፕላን እሱ ነው። ክንፉን መልሰን ገጠምንና ገመዱን ከብስክሌቱ ኮርቻ ሥር አሰርነው። ማሂ አውሮፕላኑን ከፍ አድርጋ ይዛ አብራው ልትሮጥ ነው። እኔ ደግሞ አብራሪ ነኝና አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ትእዛዝ እሰጣለሁ።

«ጋሽ በቄ፣ ፋስት!» አለች ማሂ።

«ልጄ፣ በዚህ እግሬ ከዚህ በላይ ፋስት የለም!»

ያቺ ባለ አረንጓዴ ፀጉር ልጅ እነ አሜሪካ ለዚህ አውሮፕላን የወንድ ዝይ ስም እንዳወጡለት ነግራኝ ነበር። ዝዮቹ ግን ዝምድናውን አልተቀበሉትም። ጫጩቶቻቸውን ይዘው ሣሩ ላይ ተሰማርተው ነበርና ያ ረጅም አንገታቸውን አስግገው በቄን አባረሩት! ከዚያ በኋላ በእርግጥም ፋስት ሆነ። እየጮኸ ቁልቁል ሲበር ያ ቀለሙ ከላቡ ጋር በጉንጩ መውረድ ጀመረ፤ ጥቁር እንባ የሚያነባ ይመስል ነበር። ማሂ ለቀቀችው። አውሮፕላኑ ተነሳ፣ ጥቂት ሄደ፣ ሄደና አፍንጫውን ደፍቶ ሣሩ ውስጥ ተተከለ።

ሮጬ ደረስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን የተሰበረ የለም፤ አፍንጫው ተከፍቶ ጎረቤቶቻችን ሣሩ ላይ ተበትነዋል። እነዚያ ሁለቱ እህትማማቾች ፊት ለፊት ተያይተው ወድቀዋል። ልሳቅ ወይስ ልደንግጥ?

በቄ ፊቱን በመሐረቡ ጠርጎ፣ ፊቱንም መሐረቡንም አጥቁሮ፣ አውሮፕላኑን በሁለት ጣቱ ክንፉ ላይ ሚዛን አስያዘው። አፍንጫው ደፋ አለ። «ይሄ ነገር ፊቱ ከብዶታል» አለ። «ሙሌ ሚዛኑን ሳይለካ አይሠራም። ከኋላ የጎደለ ነገር አለ።»

እኔ የዝዮቹን ጫጩቶች መቁጠር ጀመርኩ።

ማሂ ሰዎቹን እየለቀመች ወደየወንበራቸው ስትመልስ ከጭራው ሥር ያለውን ባዶ ወንበር አገኘችው። የእንጨቱ ሰው የሚሰካበት ቀዳዳ አለ፤ ሰውየው የለም። ቀና ብላ አየችኝ። ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ እንደቆምኩ አላወቅሁም ነበር።

«ማሚ፣ ዌር ኢዝ ዳዲ?»

አላውቅም ልላት ነበር፣ ሙሌ። እውነት ልላት ነበር። ግን ልጅህ ያንተው ዓይን ነው ያላት፤ ቦርሳውንም እኔንም ደጋግማ አየችን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቃ እያስቀመጠች፣ «ያለ ዳዲ አይበርም» አለችኝ።

ልክ ነው። ቃሉም ልክ፣ ሚዛኑም ልክ። በቄ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ዚፑን ከፈትኩ። ከመሐረቤና ከመነጽር ቤቴ መሀል አወጣሁህ። ኮፍያህን በአውራ ጣቴ አበስኩልህ፣ ሳምኩህ፣ ለማሂ ሰጠኋት። እሷም ሳመችህ። ወንበርህ ላይ ሰካችህና አፍንጫውን ዘጋችው።

በቄ ብስክሌቱን አዙሮ ወደ ላይ ገፋ። ዝዮቹ ዳር ላይ ቆመው እያጉረመረሙ ይጠብቁታል። «እናንተ ደግሞ ዛሬ ከእኔ ጋር ምን አላችሁ!» ብሎ ሰደባቸውና ወረደ። ማሂ ሮጠች። ለቀቀችው።

ሙሌዬ፣ በረረ።

ገመዱ ወደቀ፣ እሱ ግን ቀጠለ። ድምፅ የለውም! እኔ በሕይወቴ ድምፅ የሌለው አውሮፕላን አይቼ አላውቅም። ከደብረ ዘይት እስከ ዌስተን ጆሮህን ያደነቆረህ ያ ጩኸት ሁሉ የለም፤ ክንፉ አየሩን ሲነካ እንደ ጨርቅ ሽው የሚል ብቻ። ያን ጊዜ መሐላህ ገባኝ። ሣሩ ላይ ያርፋል ብለን ነበር የጠበቅነው። ከሸለቆው ንፋስ መጣና ከሥሩ ብድግ አደረገው። ከእኔ ራስ በላይ አለፈ፣ ከዛፎቹ ጫፍ ጋር ተስተካከለ፣ ወንዙን ተሻገረ! ጃማይካዊቷ፣ ሱፐሩ፣ የንስሐ አባታችን ከነስልካቸው፣ ሁላችንም ወንዙን ተሻገርን። ማሂ «ዳዲ! ዳዲ! ጎ!» እያለች ትዘልላለች። በቄ ከነብስክሌቱ ሣር ላይ ተጋድሞ፣ ፊቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ያጨበጭባል። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እልልታዬ ማዶ ድረስ ተሰምቶ ሯጮች ቆመው አይተውኛል።

ከወንዙ ማዶ ሣሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ስነዳው ማለት ነው!

ቃሌን አደረስኩልህ። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ፣ ግድግዳ ሳያየው። ዘመድ አዝማዱ ለጸሎቱ ሲሰበሰብ ይህን ነው የምነግራቸው። አልረሳህም ብዬ መማል አያስፈልገኝም፤ ይልቅ አውሮፕላኑን በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ እዚሁ ሣር ላይ አመጣዋለሁ፣ አንተንም ከኋላ ወንበርህ አላጎድልህም። ቦርሳዬ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። እለምደዋለሁ።

ይህን መጨረሻውን የምጽፍልህ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ በስልኬ ነው። ማሂና በቄ በታችኛው ድልድይ ዞረው ሊያመጡት ሄደዋል፤ ድምፃቸው እስካሁን ይሰማኛል። በቄ ስለ ዝዮቹ እያማረረ ነው፣ ማሂ ደግሞ «ጋሽ በቄ፣ ያለ ቀለም ያምርብሃል» ትለዋለች። ስማት እንግዲህ! እሱም «ያለ ነው ወይስ ያለው?» ብሎ ይጠይቃታል።

ከማዶ ግን ቀድሟቸው ሰው ደርሷል። ውሻ የያዘች አንዲት ሴት ናት። ውሻው አሸተተው፣ ዞረው። አፍንጫው ሲያርፍ ተከፍቶ ነው መሰለኝ ሴትየዋ ተንበርክካ ወደ ውስጥ አየች። ቆይታ ቆይታ አንገቷን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ፣ እስከ ኋላ ድረስ አየች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ አፏን ይዛ፣ ብቻዋን፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ከእኛ ማንኛችን እንዳሳቃት ከዚህ ሆኜ ማየት አልቻልኩም። እኔ ግን የምጠረጥረው አንድ የተኛ ሰው አለ። ማሂ ደርሳ እንድትጠይቃት አሁኑኑ ቴክስት አደረግሁላት፤ ሴትየዋ ያለችውን እንደሰማሁ መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነው።

ያንተው አብራሪ፣
ጥሩነሽ